የድንቡሼ ኪሎ

ቤተሰቡ «ድንቡሼ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ገና በእቅፍ ሳለች ነው፤ ያኔ ጉንጯን ሳይቆነጥር ያለፈ ዘመድ አልነበረም። እንዲህ ያለው ስም ልጅ ሲያድግ ከወተት ጥርሱ ጋር ይረግፋል። የእሷ ግን አልረገፈም። አርባን ተሻግራ፣ አግብታ ፈትታ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚያመላልስ ትልቅ ሰርቪስ እየነዳችም ድንቡሼ እንደተባለች ቀረች። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ያኔ ሲጠሯት ይስሟት ነበር፣ አሁን ሲጠሯት ሳህኗን ያያሉ።

የበኩር ልጅ ናት። አባቷ በድንገት ሲሞት ትምህርቷን አቋርጣ መሪ ጨበጠች። ታናሽ ወንድሟ ተምሮ መሃንዲስ የሆነው፣ የመጨረሻዋ ልጅ ትንሿም ኮሌጅ ጨርሳ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ የገባችው በእሷ ትከሻ ነው። ይህን እሷም አትናገረው፣ እነሱም አያነሱት። እናትየው ሰው ፊት ሊያሞግሷት ሲፈልጉ «ድንቡሼማ ሆደ ሰፊ ናት» ይላሉ። ትንሿ ቀበል አድርጋ «በሁለቱም በኩል!» ትላለች፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ድንቡሼም አብራ ትስቃለች።

ያን ዓመት የመሃንዲሱ ኩላሊቶች ሁለቱም ከዱት። መጀመሪያ እግሩ አበጠ፣ ቀጥሎ ፊቱ። «ድካም ነው» ሲባል ከርሞ አንድ ጠዋት በሚያሠራው ፎቅ ደረጃ ላይ ተዘርግቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ኑሮው በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ከማሽን ጋር መታሰር ሆነ። የተከራየውን ቤት ለቆ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። ሐኪሙም ቁርጡን ተናገረ፤ ኩላሊት የሚሰጠው የሥጋ ዘመድ ይፈለግ።

እናትየውን ዕድሜያቸውና ደም ግፊታቸው ከለከሏቸው። የቀሩት ሁለቱ እህትማማቾች ስለሆኑ እነሱ ተመረመሩ። ውጤቱን ሊሰሙ የሄዱት ግን እናትየውና ትንሿ ናቸው፤ ድንቡሼ ሰርቪሱን ለማን ትታ ትሂድ? ከሥራ ስትገባ እናትየው በር ላይ ተቀብለው አቀፏት። እንዲህ አቅፈዋት አያውቁም።

«የትንሿ አልገጠመም» አሉ። «የደም ነገር ነው፣ ምን ይደረግ። ያንቺ ግን ልክክ ብሏል። የወንድምሽ ነፍስ ባንቺ እጅ ናት፣ ልጄ።»

ትንሿ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የጥፍር ቀለሟን ትፍቅ ነበር። ቀና አላለችም።

«ታዲያ ሁለት አለኝ አይደል? አንዱን ይውሰድ» አለች ድንቡሼ፤ ጃንጥላ እንደምታውስ ሰው ቀለል አድርጋ።

ሐኪሙ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ሚዛን ላይ አቆማት፣ ቁጥሩን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ።

«ስንት ሆንኩ?» አለች። ከመቶ ካለፈ ወዲህ አይታው አታውቅም።

«መቶ ሦስት። በዚህ ክብደት ቢላ አላሳርፍብዎትም፣ እህቴ። እሱን አድናለሁ ብዬ እርስዎን አልገድልም። ሰማንያ ይግቡና ይምጡ።»

«ሃያ ሦስት ኪሎ! ዶክተር፣ ይሄማ አንድ ልጅ ነው እኮ!»

«እንግዲህ ይውለዱት!» አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ወልዳ እንደማታውቅ ሐኪሙ ከየት ይወቅ።

በማግስቱ ትንሿ ከሱቅ የኩሽና ሚዛን ገዝታ መጣች፤ ነጭ፣ ስስ፣ ላባ ቢያርፍበት የሚቆጥር። የአመጋገብ ባለሙያዋ የእያንዳንዱን ምግብ ልክ ነግራቸው ነበርና እናትየው በቃላቸው ያዙት። የልጆቻቸውን ዕድሜ የሚሳሳቱ ሴት የዳቦውን ግራም አንድ ቀን ስተው አያውቁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንቡሼ የምትበላው ሁሉ አስቀድሞ ሚዛን ላይ ይወጣል። ጠዋት አንድ ቁራጭ ዳቦ፤ ካለፈ እናትየው ጠርዙን በመቀስ ይከረክሙታል። አንድ የተቀቀለ እንቁላል። ምሳ ከጭብጥ የማይበልጥ ሩዝ፣ ከጎኑ ጎመን። «ጎመኑንማ ብይ፣ ጎመን ማን ከለከለሽ?» ይሏታል። ዘይቱ በሻይ ማንኪያ፣ ማንኪያውም በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ። ራት ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ሥጋ፣ ወይ አንድ ድንች። ድንቹ ከልኩ ካለፈ ትርፉ ተቆርጦ የትንሿ ሳህን ላይ ያርፋል፤ «አይጣል፣ ነውር ነው» ይላሉ እናትየው። ትንሿም ዓይኗን ስልኳ ላይ እንደተከለች ትጎርሰዋለች።

ድንቡሼ ረሃብን የምታውቀው ይመስላት ነበር። ምሳ ሲዘገይ የሚመጣው ነገር፣ በልተው የሚያባርሩት። ይሄኛው ሌላ ነው። ይሄኛው አብሯት ይተኛል፣ አብሯት ይነሳል፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ከኋላ ይይዛታል። ጠዋት ሠራተኛው ቁርሱን በወረቀት ጠቅልሎ ሰርቪሱ ውስጥ ይገባል፤ ትኩስ ዳቦ፣ የተጠበሰ እንቁላል በቃሪያ። መስኮት ትከፍታለች። «ሹፌር፣ ብርድ ገባ እኮ!» ይጮኻሉ ከኋላ። ትዘጋለች። ቀይ መብራት ላይ ስትቆም የዳቦ ቤቱን መስኮት ላለማየት ብላ ዓይኗን ፊቷ ባሉት ቀስቶች ላይ ትተክላለች፤ የነዳጅ፣ የሙቀት፣ የፍጥነት። አንዳንዴ ቀስቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይታዩዋታል። ያኔ ምላሷን ትነክሳለች፤ ከኋላዋ ስንት ሰው ተሳፍሯል።

በመኪና ማቆሚያው ግቢ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አለ፤ ምላሱ እንደ መፍቻው ለሁሉ ነገር ይገጥማል።

«ድንቡሼ፣ አውቶቡሱ ምን ነካው? ዳገት ላይ ቀለለው አሉ» አላት አንድ ቀን፣ ልብሷ እንደሰፋት አይቶ።

ነገሩን ነገረችው። ሰውየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየ።

«እኔም ወንድም አለኝ» አለ በመጨረሻ። «እንኳን ኩላሊቴን፣ ሲጋራዬን አልሰጠውም።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ እንባው ብቻ ቀረ፤ ከድካም ነው ብላ አለፈችው።

ኪሎው መጀመሪያ እንደ ጉድ ወረደ። ሐኪሙ ተደሰተ፣ መሃንዲሱም አልጋው ላይ ሆኖ «እታለም፣ አንቺ እኮ ብረት ነሽ» ይላት ነበር። ከዚያ ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። እሑድ እሑድ በእናትየው መኝታ ቤት በሰው መመዘኛ ሚዛን ትመዘናለች፤ እናትየው አጠገቧ ተንበርክከው ቁጥሩን ያነባሉ። አንድ እሑድ ሰማንያ ዘጠኝ። በሚቀጥለውም ሰማንያ ዘጠኝ። በሦስተኛው እናትየው ከወለሉ ሲነሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ሐኪሙ «ሰውነት እንዲህ ያደርጋል፣ ይታገሱ» ቢላቸውም አልገባቸውም፤ የሚገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ሰው ካልቀነሰ እየሰረቀ ይበላል ማለት ነው።

የኮቷን ኪስ ፈተሹ። የኦቾሎኒ ገለፈት አገኙ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ሰርቪሱ ውስጥ አንዱ ወንበር ሥር በትኖት ነው፣ እማዬ። ለቅሜ መጣያ አጥቼ ኪሴ ከትቼው ነው።»

«ገለፈቱን ትለቅሚያለሽ፣ ፍሬውን ማን በላው?»

«የበተነው ሰውዬ ነዋ!»

«ኦቾሎኒ መሰለሽ አይደል የቆረጠምሽው? የወንድምሽን ዕድሜ ነው! አፍሽን ክፈቺ።»

«ምን?»

«አፍሽን ክፈቺ አልኩሽ።»

አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ማታ የአርባ ሰው ነፍስ ተሸክማ ከተማውን የምታቋርጥ ሴት ናት። አፏን ከፈተች። እናትየው አገጯን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሯትና ጥርሶቿን፣ ከምላሷ ሥር ሳይቀር አዩ። አሸተቷት። መሃንዲሱ በራፉ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቆሞ ነበር። «እማዬ፣ ተያት በቃ» አለ በደከመ ድምፅ፤ ብሎም ወደ አልጋው ተመለሰ።

ምንም አልተገኘም። እናትየውም ይቅርታ አላሉም። ድንቡሼ ሆድ ባሳት፤ ግን ታማሚ ያለበት ቤት ነው፣ እናት ደግሞ ልጇ ሲሞት እያየች ነው፣ ምን ብዬ ልቆጣት ብላ ዋጠችው። ሚዛን ላይ ሳይወጣ የሚዋጥ እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምሳዋን ራሷ ቀነሰች። ሩዙን ተወችው። እንደገና መውረድ ጀመረች።

ሰማንያ አንድ የገባች ቀን ሆስፒታል የነበረችው ብቻዋን ነው። ለጋሾችን የምትከታተለዋ ነርስ በእነዚያ ወራት ወዳጇ ሆና ነበር፤ ቁጥሩን ስታይ አጨበጨበች።

«አንድ ኪሎ ቀረሽ! በሁለት ሳምንት የመጨረሻው ምርመራ ነው፣ ከዚያ ቀኑ ይቆረጣል። ስንቱን አይቻለሁ፣ እንዳንቺ ያለ ሰው ግን አላየሁም። እህትሽም እንዳንቺ ደፋር ብትሆን ኖሮ ወንድማችሁ ይሄን ሁሉ ወር ባልተንገላታ። እሷ እኮ ሁሉ ነገሯ ገጥሞ ነበር፤ እንዲያውም ያንቺን ይበልጣል ነበር ያለው ዶክተር። ግን ግድ የለም፣ በዚህ ነገር ማንም አይገደድም።»

ድንቡሼ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታስር ነበር።

«የትኛዋ እህቴ?» አለች፤ ያለችኝ አንዲት እህት ናት ብላ ማሰብ አቅቷት።

የነርሷ ፊት ተለዋወጠ። «የምታውቂ መስሎኝ…» አለችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ በሩን ልትዘጋ ሄደች።

እቤት ስትደርስ እናትየው ኩሽና ውስጥ የራቷን ድንች ሚዛን ላይ አስቀምጠው ነበር።

«እማዬ፣ የትንሿ ገጥሞ ነበር?»

እናትየው ከቁጥሩ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። «ማን ነገረሽ?» አሉ።

ከዚህ ሌላ መልስ አላስፈለጋትም፤ ቢሆንም ጠየቀች። «ገጥሞ ነበር ወይ?»

«ገጥሞ ነበር። እና ምን ይሁን? ልጅ ናት። ገና መታጨቷ ነው፤ አላገባች፣ አልወለደች። ነገ ባሏ ጎኗን ገልጦ ያን የሚያህል ጠባሳ ሲያይ ምን ይላል? ብታረግዝስ፣ አንድ ኩላሊት ይዛ?»

«እኔስ?»

«አንቺ ምን?»

«እኔ ጎን የለኝም?»

እናትየው እጃቸውን በጨርቁ ጠረጉ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን ለስለስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ ሆነው ተናገሩ።

«አንቺማ አንዴ አልፎብሻል፣ ልጄ። ባልም አየሽ፣ ሁሉንም አየሽ። ደግሞስ ምን ጎዳሽ? ራስሽን በመስታወት እዪው እስቲ። ሰው መሰልሽ እኮ!»

ትንሿ ድምፅ ሰምታ መጥታ በራፉ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ወዲያው ሞላ።

«እትዬ፣ ፈራሁ። ቢላውን ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ። እማዬ ናት ዝም በይ፣ እኔ እነግራታለሁ ያለችኝ…»

«ስድስት ወር ሙሉ ድንቼን ስትበይስ አልፈራሽም?»

ትንሿ ፊቷን በእጇ ሸፍና ወጣች። እናትየው «ምን አረገችሽ፣ ልጅቷን አታስለቅሻት!» አሉ።

መሃንዲሱ በዚያ ቀን ከእጥበት ተመልሶ ተኝቷል። ፊቱ እንደ ሰም ነው፤ ክንዱ ላይ መርፌ የሚገባበት ቦታ አብጦ ጠቁሯል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ታውቅ ነበር?»

ወደ ግድግዳው ዞረ። እንደዞረ ተናገረ።

«አውቅ ነበር፣ እታለም። እሷን መጠየቅ ከበደኝ። እሷ ብትሰጠኝ ዕድሜ ልኬን ፊቷ ቀና ብዬ መሄድ የምችል አልመሰለኝም። ካንቺ ግን… ካንቺ መቀበል ለምጃለሁ።»

ክፋት አልነበረም የተናገረው። እንዲያውም የሚያቀርባት መስሎት ነው። እውነቱን ነገራት፤ የከፋውም እሱ ነው። ድንቡሼ ከእግሩ ላይ የተንሸራተተውን ብርድ ልብስ መልሳ አለበሰችውና ወጣች፤ እጇ ልማዱን ማንም ሳያዘው ይሠራል።

በዚያ ራት የተመዘነውን ድንች በላች። ሳህኗን አጠበች። «ከእንግዲህ እዚህ አልመዘንም፤ ሆስፒታል ነው የምመዘነው» አለች። እናትየው አፍረው ነበርና አልተከራከሩም። በማግስቱ ለትንሿ «አላልኩሽም? ሆደ ሰፊ ናት፣ አለፈ» ሲሉ ከኩሽና ሰማቻቸው።

«አልሰጥም» ብላ ፊት ለፊት ለምን አልተናገረችም የሚል ሰው ይኖራል። ያን ቃል በዚያ ቤት ተናግራው አታውቅም፤ የት ተቀምጦ እንደሆነ፣ በምን ድምፅ እንደሚወጣ አታውቅም። ብትናገረውስ? እናቷ መሬት ይወድቃሉ፣ አክስት አጎት ይሰበሰባል፣ ስለ ደም፣ ስለ ጡት ይነገራታል፣ ትረታለች። ራሷን ታውቃለች፤ ትረታለች። የሆስፒታሉ ሚዛን ግን ቢለምኑት አይሰማ፣ ቢያለቅሱበት አይራራ።

ከመኪና ማቆሚያው ግቢ ፊት ለፊት አንድ ምግብ ቤት አለ፤ የላስቲክ ወንበር፣ በዘይት የወዛ የጠረጴዛ ልብስ። ሠራተኛውን አራግፋ እዚያ ገባች። ፓስታ በሥጋ አዘዘች፣ ከጎኑ ዳቦ። ስድስት ወር በሕልሟ ያየችው ሳህን ነው። ሦስት ጊዜ እንደጎረሰች ሆዷ በቃኝ አለ፤ ጠቦ ኖሯል። ቀጠለች። አንጀቷ ተቆረጠ፣ ላብ ግንባሯን አጠባት፣ ቀጠለች። ይህ መብላት አይባልም። የጭነት መኪና ሲጭኑ አይታችሁ እንደሆነ እሱ ነው። ሳህኑን ጨርሳ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ሄዳ እንዳይወጣባት አፏን በመዳፏ ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

መካኒኩ በማግስቱ በመስኮቱ አያትና ገብቶ ተቀመጠ።

«እሰይ! ጨረስሽ ማለት ነው?»

«ጨረስኩ» አለችው።

«እኔም ከስተሽ ልታልቂ ነው ብዬ ሰግቼ ነበር። ብይ፣ ብይ! ለእሷ አንድ ለስላሳ ጨምሩላት!»

ሰውየው ደስ ብሎት ዳቦውን እየቆረሰ አቀበላት፤ እሷም እየተቀበለች ጎረሰች።

ልቧ ግን አንድ ቃል ይዞ አልቆየም። ቤት ውስጥ መሃንዲሱ ቆዳውን ሲያክ በግድግዳው ይሰማታል፤ ደሙ ሳይጠራ ሲቀር እንዲያ ያሳክከዋል። በልጅነቱ ኩፍኝ ሲወጣበት እጁን ይዛ ያደረችው እሷ ናት። አንድ ቀን ሳህኑን ሳትነካው ገፍታ ተነሳች፣ ሰርቪሱ ውስጥ ገብታ መሪው ላይ ተደፋች። ይበቃል፣ ልስጠው፣ እንደለመድኩት ልስጠውና ይለቅልኝ አለች። ከዚያ «ሰው መሰልሽ» የሚለው ድምፅ መጣባት። ያን ሁሉ ዓመት ምን ትመስል ነበር ማለት ነው? ሁለቱን ስታሳድግ፣ ምን ነበረች? ተመልሳ ሄዳ የቀዘቀዘውን ምግብ ጨረሰችው።

በቀጠሮው ቀን ሁሉም መጡ። እናትየው ንጹሕ ለብሰዋል። ድንቡሼ ሰፊ ኮቷን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ወጣች።

ነርሷ ቁጥሩን አየች፣ ድንቡሼን አየች። «ጫማሽን አውልቂ» አለች።

«አውልቄያለሁ።»

ሐኪሙ ራሱ ቀርቦ አነበበ። «ሰማንያ ሰባት» አለ።

«ምን በላሽ?» አሉ እናትየው። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ ከዚያ ኮሪደሩ እስኪሰማ ጮኹ። «ምን በላሽ አንቺ!»

«ያገኘሁትን።»

«ሁለት ሳምንት! ሁለት ሳምንት አፍሽን መግዛት አቃተሽ! ወንድምሽን በሆድሽ ሸጥሽው!»

ድንቡሼ ኮቷን መልሳ ለበሰች። ሐኪሙ ተቆጥቷል፤ ሰው ፊት ላለመናገር ጥርሱን ነከሰ። እንዲህ እየወጣና እየወረደ ያለ ሰው ላይ ቢላ እንደማያሳርፍ፣ ሌላ ሦስት ወር እንደሚያስፈልግ፣ የእጥበት መርፌ የሚገባበት የታማሚው የደም ሥር ግን ሦስት ወር እንደማይጠብቅ ተናገረ። የነርሷ ዓይን ወደ ትንሿ ሄደ። የሌሎቹም ተከተለ።

ትንሿ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። እናትየው አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደመቻቸው።

«እኔ እሰጣለሁ» አለች።

በቃ። አንድ ትንፋሽ ነው የፈጀባት። ያን አንድ ትንፋሽ ለማትረፍ ነበር ድንቡሼ ስድስት ወር የተራበችው።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። የትንሿ እጮኛ ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋዋ ሥር አልጠፋም፤ ጠባሳውንም አይቶ ግንባሯን ሳማት እንጂ ምንም አላለም። የተፈራው ሁሉ እንዲህ ቀለለ። ከሆስፒታል ሲወጡ ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። ሻይና ብስኩት የምታዞረው ድንቡሼ ናት፤ ሌላ ማን ያዙር? ትንሿ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ የመጣው ሁሉ እጇን ይስማል፣ ጀግና ይላታል፣ ይመርቃታል። እሷ ደግሞ እህቷ ትሪ ይዛ ባለፈች ቁጥር ዓይኗን ትሰብራለች።

«ትልቋስ አልተመረመረችም እንዴ?» አለች አንዲት ጎረቤት።

«ተመርምራ ነበር» አሉ እናትየው። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ እንኳ የለም፤ ስለ ዝናብ የሚያወሩ ይመስላሉ። «ሞክራም ነበር፤ ሆዷ በለጠባት እንጂ። ምን ታርግ፣ ፍጥረቷ ነው።»

ጎረቤቷ የብስኩቱን ሳህን ከትሪው ላይ አንስታ «እንግዲያው ይሄንንም ከእጇ እናርቀው!» አለች። ሳቁ። መሃንዲሱም ሳቀ፤ ስፌቱን ያመው ነበርና ጎኑን በእጁ ይዞ።

በሕይወቷ ሙሉ አንድ ነገር አስባ፣ ወስና፣ እስከ መጨረሻው የተወጣችው ያን መብላቷን ነበር። እሱንም ሆዳምነት አሉት። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ በዚያ ወር መኪና ማቆሚያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታ ወጣች። እናትየው «ኩርፊያ ደግሞ!» ብለው ሳይሸኟት ቀሩ። ከዚያ በኋላ ሆድና ጀርባ ሆነው ኖሩ።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት፣ ሠራተኛው ገና ሳይሰበሰብ፣ መሃንዲሱ ሰርቪሱ ላይ ወጣ። ፊቱ ደም ገብቶበታል፤ ትከሻው ሞልቷል። ከኋላዋ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ወፈርክ» አለችው በመስታወት እያየችው።

«መድኃኒቱ ነው።» ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «እታለም፣ ሆን ብለሽ ነው አይደል?»

«ምኑን?»

«ስድስት ወር አንድ ፍርፋሪ ያልሰረቀ ሰው በሁለት ሳምንት ስድስት ኪሎ አይጨምርም። አንቺን አውቅሻለሁ እኮ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ጣቱን የወንበሩ ብረት ላይ አንሸራተተ። «አልተቀየምኩሽም» አለ። «እንዲያውም ይገባሻል ብዬ አስቤያለሁ። ለእማዬም አልነግራትም፣ አይዞሽ።»

ዞር ብላ አየችው። «ንገራት» አለች።

«እንዴ?»

«ንገራት። ሆዷ አሸንፏት አይደለም፣ አውቃ፣ አስባበት ነው በላት። እያለቀሰች ነው የበላችው በላት። ያን ብቻ ንገርልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግብህም።»

መሃንዲሱ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ሠራተኞች ከመንገዱ ማዶ መታየት ጀምረዋል።

«አሁን ምን ያደርጋል፣ እታለም» አለ ቀስ ብሎ። «እሷም አርጅታለች፣ ልቧን መስበር ይሆናል። ትንሿም ብትሰማ ደስ አይላትም። ነገሩ ተረጋግቷል። እንዲሁ ቢቀር አይሻልም?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት ይህን ነው። ለማን ነው የሚሻለው ብላ ልትጠይቀው ነበር፤ መልሱን እንደምታውቀው ትዝ አላትና ተወችው።

«ውረድ» አለችው። «ሰርቪሱ የሠራተኛ ነው።»

የምትቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እሷ ግን በሩን ከፍታ ጠበቀችው። ተነሳ፣ ወረደ። ሠራተኞቹ እየተጋፉ ገቡ፤ መተላለፊያው በኮትና በቦርሳ ሞላ። አንዲት ወጣት ሴት ከኋላ «ሹፌር፣ ዛሬ ዘገየን እኮ!» አለች።

«ይቅርታ» አለች ድንቡሼ፤ በሩን ዘግታ ማርሽ አስገባች።